ፒንቦል በቤት ውስጥ መሥራት፦ መጀመሪያ ፍሊፐሩ፣ ሥዕሉ ኋላ ይደርሳል

ፒንቦል ማለት በመስታወት በተሸፈነ ተዳፋት ሜዳ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ማሽን ነው። የራሱን ፒንቦል ሊሠራ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ጭብጥ ይመርጣል፣ የጀርባ ሣጥኑን ያስነድፋል፣ ሙዚቃ ያሰባስባል፣ ሜዳው ላይ የሚቆሙትን አሻንጉሊቶች ሳይቀር ይገዛል። ወራት ካለፉ በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው ያማረ ሣጥንና ማንም ሁለቴ የማይጫወትበት ሜዳ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ከሜዳው የታችኛው ሲሶ ነው፤ ሁለቱ ፍሊፐሮች (ተጫዋቹ በቁልፍ እያንቀሳቀሰ ኳሷን የሚመታባቸው ክንፎች)፣ ከነሱ በላይ ያሉት ሁለት ስሊንግሾቶች (ኳስ ስትነካቸው መልሰው የሚወነጭፏት ባለ ሦስት ማዕዘን ጎማዎች)፣ ኳሷን ወደ ፍሊፐር የሚመልሱት የውስጥ መስመሮችና ወደ ጉድጓድ የሚወስዷት የውጭ መስመሮች። ይህ ክፍል ካልተስተካከለ ከላይ የሚተከለው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ ፒንቦል ማለት ኳሷን በሞላ ወንጭፎ፣ ማሽኑን እየገፉ ዕድልን መጠበቅ ነበር። በዚያ ዓመት የቺካጎው ጎትሊብ ኩባንያ «ሀምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን ማሽን በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ስድስት ፍሊፐሮች ገጥሞ ሲያወጣ ጨዋታው በተጫዋቹ እጅ ገባ። ዛሬም ተጫዋቹ ኳሷን የሚያዝዝበት ነገር ማስወንጨፊያው፣ መግፋቱና ፍሊፐሩ ብቻ ነው፤ ከሦስቱም ፍሊፐሩ ይበልጣል።

መለኪያውን አትፍጠሩ፣ ቅዱ

አዲስ መጠን መፍጠር ያጓጓል፤ ውሎ አድሮ ግን መስታወቱም፣ የጎን ብረቱም፣ እግሩም፣ ጎማውም የሚሸጠው በተለመደው መጠን መሆኑ ያስቸግራል። ዊልያምስ የተባለው አምራች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራቸው ማሽኖች ሜዳ 514 በ1168 ሚሊሜትር ነው። ሣጥኑ ከውስጥ 521፣ ከውጭ 559 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ይህ 19 ሚሊ ውፍረት ባለው ኮምፔርሳቶ ሲሠራ ነው። በሜትሪክ ገበያ የሚገኘው 18 ሚሊ ስለሆነ የውስጡን ስፋት ጠብቁና ውጩ በ2 ሚሊ ይቀንስ፤ የፊተኛው መቆለፊያ ብረት ይህን ይችለዋል። መስታወቱ 533 በ1092፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ያህል ነው። ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠነከረ) መሆን አለበት። ቴምፐርድ መስታወት ደግሞ አንዴ ከተጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ስለዚህ ሣጥኑ ተሠርቶና ተለክቶ ሳያልቅ አታዙ።

ኳሷ 27 ሚሊሜትር ዲያሜትር፣ 80 ግራም የምትመዝን ብረት ናት። የሜዳው ተዳፋት 6.5 ዲግሪ ነው፤ በአንድ ሜትር ርዝመት 11.3 ሴንቲሜትር ከፍታ ማለት ነው። ልኩን ሜዳው ላይ ለኩ እንጂ መስታወቱ ላይ አትለኩ፤ የሁለቱ ማዕዘን አንድ አይደለም። ከ6 በታች ሲሆን ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ ጨዋታው ያንቀላፋል። ከ7 በላይ ሲሆን ደግሞ ደካማ ኮይል (ፍሊፐሩን በኤሌክትሪክ የሚስበው የሽቦ ጥቅል) ያለው ፍሊፐር ኳሷን ራምፕ (ሽቅብ የሚያስወጣ መንገድ) አናት ላይ ማድረስ ያቅተዋል።

ስለ ሣጥኑ ብዙ አልልም። ጆተኒ የሚሠራ ማንኛውም አናጢ ሥዕሉ ከተሰጠው ይሠራዋል፤ ማዕዘኖቹ ቀጥ ይበሉ፣ እግሮቹ በብረት ቅንፍ ይታሰሩ፣ ይበቃል።

ነጩ ሜዳ

ያልተቀባው የሙከራ ሜዳ «ኋይትዉድ» ይባላል። አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ኋይትዉድ እንደሚያበላሽ አስቦ ኮምፔርሳቶ ቢገዛ ያዋጣዋል። ውፍረቱ 12 ወይም 13 ሚሊ ይሁን፤ ቀጫጭን ንብርብሩ የበዛ፣ ውስጡ ባዶ ቦታ የሌለበት የበርች ኮምፔርሳቶ ይመረጣል። ርካሹ ኮምፔርሳቶ ውስጡ ክፍተት ስላለው ብሎኑ የሚነክሰው ነገር ያጣል። ኤምዲኤፍ አይሆንም፤ ኮይል በመታ ቁጥር ቪሱ ቀዳዳውን ዱቄት ያደርገዋል።

ንድፉን ኮምፒውተር ላይ ከመጨረስ በፊት ቪዥዋል ፒንቦል በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ማጫወት ይቻላል። የኳሷን ፍጥነት እንዳለ አያሳይም፤ አንድ መስመር ከየትኛው ፍሊፐር እንደሚመታ፣ የቱ መንገድ የቱን እንደሚዘጋ ለማየት ግን ይበቃል። ከዚያ ንድፉን አንድ ለአንድ በወረቀት አሳትማችሁ እንጨቱ ላይ ለጥፉ። ሲኤንሲ ማሽን ያለው ሱቅ ካገኛችሁ ሥራው ያጥራል፤ ከሌለ ትራፓኖና ዲካ መጋዝ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የኮይሎቹ ቅንፍ የሚታሰረው ከሜዳው በታች ስለሆነ የታችኛው ንድፍ የላይኛው የመስታወት ግልባጭ መሆን አለበት። ሳይገለበጥ የታተመ ወረቀት ከሥር ተለጥፎ ሲበሳ የግራው ነገር ሁሉ ቀኝ ይሆናል፣ ኮምፔርሳቶውም ተጣለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አራት መነሻ ቀዳዳዎችን ከላይ እስከ ታች በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ አሳልፉና የታችኛው ወረቀት በነዚያ ላይ ካልገጠመ አትብሱ።

ሌላው የቪስ ርዝመት ነው። በ12 ሚሊ እንጨት ከሥር 16 ሚሊ ቪስ ከገባ ሜዳው ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ኳሷ በዚያ ስታልፍ አቅጣጫ ትቀይራለች። ቅንፉ 1.5 ሚሊ ከሆነ 12 ሚሊ ቪስ ውሰዱ፤ ቀዳዳውን በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ ጥልቀቱን ከ9 ሚሊ ሳታሳልፉ ብሱ። መሰርሰሪያው ላይ በዚያ ልክ ቴፕ ጠቅልሉ፤ ቴፑ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። ከባድ ምት ለሚያገኙት የላይ ምሰሶዎች ግን ቪስ አይበቃም። ከሥር ጥርስ ያለው ዳዶ ተመትቶ ብሎኑ ከላይ እስከ ታች ማለፍ አለበት።

ኳሷ 27 ሚሊ ስለሆነች በጎማ የተከበበ መስመር ከ35 ሚሊ ቢጠብ ትጨናነቃለች። ከፍሊፐር የሚመታ መስመር ለመጀመሪያ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ስፋት ይኑረው፤ ማጥበብ ምንጊዜም ይቻላል፣ ማስፋት ግን አዲስ እንጨት ያስገዛል። የጎማዎቹ ከፍታም ቁም ነገር ነው። የኳሷ እምብርት ከሜዳው 13.5 ሚሊ ላይ ነው። ጎማው ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተገጠመ ምቱ ኳሷን ከሥር ስለሚያገኛት ትዘላለች፣ መስታወት ትመታለች። ጎማው ከእምብርቷ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ያኔ ምቱ ወደ ሜዳው ይጫናታል። «ኳሷ ትዘላለች፣ ኮይሉ በዝቷል» ተብሎ ኃይል የሚቀነስባቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ችግራቸው የጎማ ከፍታ ነው።

ፍሊፐሩ

ሙሉ የፍሊፐር መገጣጠሚያ ግዙ። ኮይሉ፣ ፕለንጀሩ (ኮይሉ ወደ ውስጥ የሚስበው የብረት ዘንግ)፣ ማያያዣው፣ የናይሎን ቡሹ (የፍሊፐሩ ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት)፣ የመጨረሻ ማቆሚያው፣ ሁሉም በአንድ ቅንፍ ላይ የተገጠሙ ሆነው ይሸጣሉ። ቤት ውስጥ ከበር ቁልፍ ሶሌኖይድ የተሠራ ፍሊፐር ሲታይ ይንቀሳቀሳል፤ 80 ግራም ብረት አንድ ሜትር ሽቅብ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። የግራና የቀኙ ቅንፍ ስለሚለያይ ስታዙ አንድ ዓይነት ሁለት እንዳይመጣባችሁ ተጠንቀቁ።

የሁለቱን ፍሊፐሮች ርቀትና ማዕዘን ከምትወዱት ነባር ማሽን ላይ ለክታችሁ ቅዱ፤ ይህ ስርቆት አይደለም፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ፍሊፐሩ ሲያርፍ የላይኛው ጠርዙ ከውስጥ መስመሩ መሪ ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት። ፍሊፐሩ ዝቅ ካለ ኳሷ ከመሪው ስትወርድ ትነጥራለች። ከፍ ካለ ደግሞ ጫፉ ላይ ትጋጫለች። ኳሷን በእጅ ከውስጥ መስመሩ አናት ልቀቋትና ጆሮ ስጡ፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ገና ነው።

የፍሊፐሩ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች 0.8 ሚሊ ያህል መጫወት አለበት። ሲታሰር ሙጥኝ ካለ ኮይሉ ሲሞቅ የናይሎኑ ቡሽ ይይዘዋል። ዘንጉ ከዚህ በላይ ሲላላ ደግሞ ፍሊፐሩ ሜዳውን ይልጣል። ሲታሰር አንድ ሰው 0.8 ሚሊ ብረት ከፍሊፐሩ ሥር ሰክቶ ይያዝ፣ ሌላው ከታች ያጥብቅ።

ዘይት አይቀባም። ኮይሉ ውስጥ ያለው የናይሎን እጅጌ ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ዘይት ከጥቁሩ የብረት ትቢያ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ይሆንና ፕለንጀሩን ያዘገየዋል። ፍሊፐር ሲንቀራፈፍ ኮይሉን አውጡ፣ እጅጌውን ቀይሩ፣ የፕለንጀሩ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተንጠፍጥፎ እንደሆነ በሞረድ አስተካክሉ።

አሁን ወደ ኮይሉ። የተለመደው የፍሊፐር ኮይል ሁለት ጥቅል አለው፦ 4 ኦም ያህል የሆነው ይመታል፣ ከ100 ኦም በላይ የሆነው ይይዛል። በ48 ቮልት የመጀመሪያው 12 አምፔር ይስባል፤ 576 ዋት ማለት ነው፣ ለ30 ሚሊሰከንድ ያህል። ሁለተኛው ከግማሽ አምፔር በታች ይስባል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ኳሷን ይዞ ቢቆም ኮይሉ አይቃጠልም። ነጠላ ጥቅል ያለው ኮይልም ይሠራል፤ ያኔ መያዙን የሚያደርገው ኮይሎቹን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፣ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ከጊዜው ስምንት አንድ ያህሉን ብቻ እያበራ። ትክክለኛውን ልክ ለማወቅ ፍሊፐሩን አንሥታችሁ ለሁለት ደቂቃ ያዙና ኮይሉን በጣት ንኩ፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ቀንሱ፣ ፍሊፐሩ በኳስ ሲመታ የሚወድቅ ከሆነ ጨምሩ።

የኮይል ስም ማንበብ ቀላል ነው። ኤኢ-26-1200 ሲባል 26 የሽቦው ቁጥር፣ 1200 ደግሞ የዙሩ ብዛት ነው። የሽቦው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል። ጀማሪን የሚያደናግረው ነገር ዙሩ ያነሰው ኮይል የሚበረታው መሆኑ ነው፤ ሬዚስታንሱ ስለሚያንስ ብዙ ከረንት ይስባል። ፖፕ በምፐር (ኳስ ስትነካው የሚያፈናጥራት ክብ ምሰሶ) ላይ ኤኢ-26-1200፣ ስሊንግሾት ላይ ኤኢ-26-1500 የተለመዱ ናቸው። ልብ በሉ፦ እነዚህ የዊልያምስ ኮይሎች የተጠቀለሉት ለ70 ቮልት ያህል ነው። ኃይል በቮልቱ ስኩዌር ስለሚሄድ በ48 ቮልት የሚያወጡት ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ በ48 ለመሥራት ከወሰናችሁ አንድ ደረጃ የበረታ ኮይል ምረጡ፤ የምቱን ጊዜ በማርዘም ብቻ አትካሱት፣ ፕለንጀሩ መጨረሻ ከደረሰ በኋላ የሚፈሰው ከረንት ወደ ሙቀት ብቻ ነው የሚሄደው።

ሙቀት ካነሣን፦ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ይጨምራል። ኮይሉ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 4 ኦም የነበረው 4.9 ይሆናል፣ 12 አምፔር የነበረው ከ10 በታች ይወርዳል። ጠዋት ላይ ራምፑን እየዘለለ የሚያልፍ ፍሊፐር ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቀረው በዚህ ነው። ራምፕን መሞከር ያለባችሁ ማሽኑ ሞቆ ሳለ ነው።

ኃይል

48 ቮልትን የምመርጠው ዝግጁ ፓወር ሰፕላይ በየቦታው ስለሚገኝና ዝቅተኛ ቮልት ተብሎ ከሚወሰደው ከ60 ቮልት ዲሲ በታች ስለሆነ ነው፤ ስተርን የተባለው አምራች የዛሬ ማሽኖችም በ48 ይሠራሉ። ከሱ ጋር 12 ቮልት ለሰሌዳዎቹና 5 ቮልት ለመብራቱ ያስፈልጋል። ለኮይሎቹ 350 ዋት፣ 7.3 አምፔር የሚሰጥ ሰፕላይ የተለመደ ነው። ከዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አላቸው። 115 ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ባለው 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። አሜሪካ ተሠርቶ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ማሽን የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ይሁን።

7.3 አምፔር የሚሰጥ ሰፕላይ 12 አምፔር የሚስብ ፍሊፐርን እንዴት ይችላል? ብቻውን አይችልም። ሁለት ፍሊፐር አንድ ላይ ሲመታ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል ለአፍታ ይጠፋል፣ ማሽኑም ኳሷ መሃል ላይ ሳለች እንደገና ይነሣል። በሰፕላዩና በኮይሎቹ መሃል ከ4,700 እስከ 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 100 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ይገባል። ይህ ካፓሲተር ማሽኑ ከጠፋም በኋላ ስለሚይዝ 4.7 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ትይዩ አድርጉበት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያራግፈዋል። የገንዘብ ማስገቢያው በር ሲከፈት 48 ቮልቱን የሚቆርጠው ኢንተርሎክ ስዊች ከካፓሲተሩ በኋላ ይቀመጥ፤ በፊት ከሆነ በሩን ከፍቶ እጁን የሰደደ ሰው ቀሪውን ኃይል ያገኘዋል።

የ48፣ የ12 እና የ5 ቮልቱ ኔጌቲቭ አንድ ቦታ ላይ፣ ፓወር ሰፕላዮቹ አጠገብ፣ ይገናኙ። ካልተገናኙ ሰሌዳው ላይ ኮይሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ትእዛዙን አይሰማም፤ በየቦታው ከተገናኙ ደግሞ የኮይሉ ከረንት በስዊቾቹ ሽቦ ይመለስና ያልተመታ ነገር ነጥብ ይቆጥራል። የሚነኩ ብረቶች ሁሉ፣ ማለትም የጎን ሐዲዱ፣ መቆለፊያው፣ እግሮቹና በሩ፣ ከግድግዳው ኧርዝ ጋር ይታሰሩ። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ልጆች የሚነኩትን ማሽን መሰካት አይገባም።

እያንዳንዱ ኮይል ላይ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አለ፤ 1ኤን4004 ወይም 1ኤን4007። ነጭ ቀለበቱ ወደ ፖዘቲቭ ይዙር። ዳዮዱ ከሌለ ኮይሉ ሲጠፋ የሚመልሰው ቮልት ትራንዚስተሩን ይበሳዋል። ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ ኮይሉ ገና ሲበራ ከረንቱ በዳዮዱ በኩል ሾርት ሆኖ ያልፋል፣ ትራንዚስተሩም አብሮ ይሄዳል። ዳዮዱ የተበየደበት እግር በንዝረት ስለሚሰበር ኮይሉ ላይ አጠር አድርጋችሁ በይዱት።

የተበሳ ትራንዚስተር ብዙውን ጊዜ በርቶ ነው የሚቀረው። ያኔ ለ30 ሚሊሰከንድ የታሰበ ኮይል ያለማቋረጥ ከረንት ይበላል፤ በደቂቃ ውስጥ ይጨሳል፣ እጅጌው ቀልጦ ፕለንጀሩን ይጨብጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለእያንዳንዱ የኮይል ቡድን 3 አምፔር ዝግ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ አድርጉ። ፈጣኑ ፊውዝ በመጀመሪያው ምት ይበጠሳል። ዝግተኛው አጭሩን ምት አሳልፎ የተጣበቀውን ኮይል ይቆርጣል። ፊውዝ እየተበጠሰ ስላስቸገረ በትልቅ የተተካበት ማሽን ውሎ አድሮ እሳት ነው።

ለኮይል መስመር ከ18 ቁጥር ያልቀጠነ፣ ለስዊች 22 ቁጥር ሽቦ ይበቃል። የማያያዣዎቹን ጫፍ ለዚሁ በተሠራ መጭመቂያ እሰሩ፤ በፒንሳ የተጨመቀ ጫፍ ዛሬ ይሠራል፣ ከወር በኋላ በንዝረት ይላላል፣ አንድ ስሊንግሾት አልፎ አልፎ መሥራት ያቆማል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ቀን ይፈጃል። ሜዳው ሽቅብ ተነሥቶ ስለሚጠገን ከሜዳው ወደ ሣጥኑ የሚወርደው ሽቦ ሁሉ ሜዳው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ሳለ ተለክቶ ይቆረጥ።

ሰሌዳውና ፕሮግራሙ

ሦስት መንገድ አለ። ፋስት ፒንቦልና የመልቲሞርፊክ ፒሮክ ዝግጁ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ጥበቃቸው ግን የታሰበበት ነው፣ ኮምፒውተሩ ቢደርቅ ኮይሎቹን ራሳቸው ያጠፋሉ። ኦፕን ፒንቦል ፕሮጀክት ንድፉ ለሁሉም የተለቀቀ ነው፤ ሰሌዳ አሳትሞ ራሱ መበየድ ለሚችል ሰው ርካሹ እሱ ነው። አርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) እና ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ይዞ ከባዶ መነሣትም ይቻላል፤ እኔ ለመጀመሪያ ማሽን አልመክረውም፣ ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ላይ መጠገን ይሆናልና።

ፋስትን፣ ፒሮክንና ኦፕን ፒንቦልን የሚያዝዘው ሚሽን ፒንቦል ፍሬምወርክ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ። ተጠቃሚው ግን አብዛኛውን የሚጽፈው በዋይኤኤምኤል ፋይል ነው፦ ይህ ስዊች ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ኮይል ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ይመታል፣ ይህ ሞድ ሲጀምር ይህ ይበራል። ስክሪኑን ጎዶ በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ማሠራት ይቻላል። ሰሌዳው እስኪመጣ ያለ ምንም ሃርድዌር በቁልፍ ሰሌዳ ስለሚሞከር የነጥብ ደንቡን አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ለፓይተን አይተውም፦ የፍሊፐሩ ቁልፍ። ቁልፉ ሲጫን ኮይሉን የሚያበራው ሰሌዳው ራሱ መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ ጨዋታው ሲጀምር ደንቡን ለሰሌዳው ይነግረዋል፣ ከዚያ ጣልቃ አይገባም። ምልክቱ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ እስኪመለስ ያለው መዘግየት ለዓይን አይታይም፣ ለጣት ግን ይታወቃል። ስሊንግሾትና ፖፕ በምፐርም እንዲሁ ናቸው።

የምቱን ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ ጀምራችሁ በሁለት በሁለት ጨምሩ። ስሊንግሾትና በምፐር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 መሃል ይረጋጋሉ። ከ30 በላይ ከጠየቀ ችግሩ መካኒካዊ ነው፤ የተጣመመ ፕለንጀር ወይም የጠበቀ ሞላ ፈልጉ።

ጉዱ የሚፈላው ኳስ ቆጠራ ላይ ነው። ኳሶቹ የሚጠራቀሙበት ተዳፋት ላይ እያንዳንዷ ኳስ አንድ ስዊች ትነካለች። ኳስ ስትወድቅ ሌሎቹ ተንከባልለው እስኪረጉ ስዊቾቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ፕሮግራሙ ቶሎ ከቆጠረ ያልጠፋች ኳስ ጠፋች ብሎ ሌላ ያወጣል። ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቆ እንዲቆጥር አድርጉት። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ሁለት ኳስ ከተወረወረ ኳሶቹን አውጥታችሁ አንዷን በሌላዋ አስጠጉ፤ ከተጣበቁ ማግኔት ሆነዋል፣ አዲስ ግዙ። የተጫረች ኳስም ትጣል፤ ሜዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትፈትገዋለች።

ስለ መብራቱ አጭር ነገር፦ አድራሻ ያላቸው ትናንሽ ኤልኢዲዎች፣ ደብሊውኤስ2812 የሚባሉት፣ ሙሉ ነጭ ሲበሩ እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሚሊአምፔር ይስባሉ። መቶ ከሆኑ 6 አምፔር በ5 ቮልት። ኃይሉን ከአንድ ጫፍ ብቻ ከሰጣችሁ መጨረሻ ላይ ያሉት ነጩን ወደ ብርቱካንማ ይቀይሩታል፤ በየሃምሳው አዲስ የ5 ቮልት ሽቦ አስገቡ። የመረጃ ሽቦውን ከኮይል ሽቦ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉ፤ ፍሊፐር በመታ ቁጥር መብራቱ ያብዳል።

ሥዕሉ አሁን ይምጣ

ኋይትዉዱ ላይ ሰዎች ደጋግመው ተጫውተው፣ ኳስ የሚቆምባቸው ቦታዎች ተገኝተው፣ ምሰሶዎች ተነቅለው ተተክለው ካለቁ በኋላ ነው የመጨረሻው ሜዳ የሚቆረጠው። በሜዳው ውስጥ ከሥር በመብራት የሚበሩት ባለ ቀለም ፕላስቲኮች፣ ኢንሰርቶቹ፣ 6 ሚሊ ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ በኢፖክሲ ይጣበቃሉ፤ ከሥራቸው ጠባብ ጠርዝ ተትቶ መብራቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበሳል። ጥቂት ከፍ ብለው ይጣበቁና በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ከሜዳው ጋር እኩል ይደረጉ። በጣት የተፈተገ ኢንሰርት መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ኳሷም እዚያ ስትደርስ ትታጠፋለች።

ሥዕሉን በቀጥታ እንጨቱ ላይ በዩቪ ማተሚያ ማሳተም ዛሬ ቀላሉ ነው። ከላይ የሚቀባው ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ክሊር (ሥዕሉን የሚሸፍን ቀለም አልባ ቅብ) ነው፤ ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው በጨርቅ ማስክ አይሠራም፣ ቤት ውስጥም አይረጭም። የመኪና ቀለም ቀቢ ጋራዥ መውሰድ ይሻላል፤ መርጫ ክፍሉም እጁም እዚያ አለ። ቀጫጭን አድርጎ ደጋግሞ እንዲረጭ፣ በየመሃሉ እንዲፈትግ ንገሩት። ከዚያ መታገሥ ነው፦ ክሊሩ ሲነካ ደረቀ ማለት ውስጡ ጠነከረ ማለት አይደለም። ሳምንታት ሳይቆይ ምሰሶ ከታሰረበት ክሊሩ በምሰሶው ዙሪያ ይሰበሰባል፣ ይሸበሸባል፣ ያንን ማስመለስ አይቻልም።

መልሶ ሲገጣጠም ለሚንቀጠቀጡት ብሎኖች ናይሎን ያለው ዳዶ ተጠቀሙ። የክር ማጣበቂያ ፈሳሽ ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ አጠገብ ከደረሰ ፕላስቲኩ ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ ይሰነጠቃል። የራምፕ ማሰሪያ ላይ ፕላስቲክ ሮንዴላ አድርጋችሁ ዳዶውን በጣት ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።